ከክትትል ነው የመጣነው

እማዬ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ ትል ነበር፦ ጠርጥሮ የሚያድርና ተዘርፎ የሚያድር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላ ሰው ቤት ለቀልድ ሲነገር ሰምቼ በጣም ገርሞኛል፤ በእኛ ቤት ከጸሎት አይተናነስም ነበርና። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ መጋረጃው በአንድ ጣት ገለጥ ይደረጋል። ቀጥሎ «ማነው?» ይባላል። ከዚያ ደግሞ መልሱ ያልተሰማ ይመስል እንደገና «ማነው?» ይባላል። እማዬ እንደምትለው ውሸታም ሰው ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ ድምፁ ይለወጣል።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ሲንኳኳ ሥርዓቱ አንድም ሳይጎድል ተፈጸመ። እኔ ከእማዬ ክንድ ስር ሆኜ በመጋረጃው ስንጥቅ ሁለት ሰው አየሁ። አንዱ ቁመቱ ከበሩ የሚተርፍ፣ ለሁሉም በር ጎንበስ ማለት የለመደ ወጣት ነው። ሌላዋ በሩ ገና ሳይከፈትላት ለእንጨቱ ፈገግ የምትል ሴት ናት። እዚያው ረጅሙና ሳቂታዋ ብዬ ስም አወጣሁላቸው፤ እስከ ዛሬም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁላቸውም።

«ማነው?» አለች እማዬ።

«ለሰላም ነው እናቴ።»

«ማነው?»

«ከክትትል ነው የመጣነው» አለች ሳቂታዋ፣ ድምጿ ቅንጣት ሳይለወጥ።

የእማዬ ጣት መጋረጃው ላይ ደርቆ ቀረ። ክትትልን ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ሥራቸውንም እናውቃለን።

በፊት እንኖርበት በነበረው ሰፈር ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ነበር። እንደ እማዬ ያለ ፈቃድ እቤቱ የሚሰፋ፣ አፉ መርፌ ይዞ እንኳ የሚቀልድ ሰውዬ። አንድ ቀን ከንግድ ቢሮ «የክትትልና ቁጥጥር» የሚባሉ ሁለት ሰዎች መጡበት። አልጮኹ፣ አልተቆጡ። ሥራ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት፣ ውሃ ጠጡ፣ ልጆቹን ሳሙ፣ አመስግነው ሄዱ። በሳምንቱ ሲመለሱ ግን ጭነት መኪና ይዘው ነበር። ስፌት መኪናውን ጭነው ሲወስዱበት ሰውዬው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። እኛም ከዚያ ብዙ ሳንቆይ ሰፈር ቀየርን። በልጅነት ሂሳቤ ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ነው፦ የሸሸነው ክትትልን ነው፣ የምንደብቀው ደግሞ የእማዬን ስፌት መኪና ነው።

መኪናዋም መደበቅ የሚገባት ነበረች። ጥቁር ናት፤ በእግር ነው የምትሠራው፤ አንገቷ ላይ የነበረው የወርቅ ቀለም በእማዬ እጅ ብዛት ተፍቆ አልቋል። ገበያ ሲበዛ ከጠዋት እስከ ማታ ትንጫጫለች፤ የቤት ኪራዩም፣ ዳቦውም፣ የእኔ ደብተርም ከሷ ሆድ ነው የሚወጣው። የተገዛችው እኔ በተወለድኩ ሰሞን ነው። እማዬ ለደንበኞቿ እኔንና እሷን እያሳየች «ሁለቱ እኩያ ናቸው፤ ይቺ ትሠራለች፣ ያቺ ትበላለች» ትልና ታስቃቸዋለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

እርግጥ ነው፣ በራችን ላይ የቆሙት ክትትሎች ሌሎች ነበሩ። ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ያለው ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ኅብረት ነበረው፤ ኅብረቱ ደግሞ «እንግዳ ተቀባይና ክትትል» የሚባል ክፍል። ሥራቸው ለአዲስ ሰው በር ላይ ቆመው እጅ መጨበጥ፣ ወንበር መፈለግና ከጎኑ መቀመጥ ነው። ሰውየው በሚቀጥለው እሁድ ከቀረ ደግሞ እቤቱ ሄደው «ምነው ጠፋህ?» ይላሉ። ይህንን ያወቅሁት አድጌ ነው። ያኔ ቢነግሩኝም አላምንም ነበር፤ እሁድ ስለቀረህ ብቻ ቅዳሜ እቤትህ ድረስ የሚመጣ ጤነኛ ሰው አለ እንዴ?

እማዬ በሩን ከመክፈቷ በፊት አልጋ ልብስ አንስቼ መኪናዋ ላይ ጣልኩና ላይዋ ላይ ወጥቼ ቁጭ አልኩ። እግሮቼን አንፈራጠጥኩ። ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ቦታዬ ይኸው ሆነ።

የመጡት ለእታለም ነበር። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር የምትሠራው፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ ቀለም ቀለም ይላሉ። ጸጉሯን እያደረቀች ከጓዳ ስትወጣ ሁለቱን አየችና ፎጣው ከእጇ ወደቀ።

«ውይ፣ እናንተ ናችሁ?» አለች።

እማዬ ቀስ ብላ ወደሷ ዞረች። «ታውቂያቸዋለሽ?»

ለካ እታለም እሁድ እሁድ «ሥራ አለብኝ» እያለች ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ኖሯል። ከሥራ ስትመለስ መዝሙር ሰምታ ጎራ አለች፤ በሚቀጥለውም ሄደች፤ በሚቀጥለውም። ከዚያ ድንገት ቀረች።

«ጠፋሽብን እኮ» አለች ሳቂታዋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ። «ያመመሽ መስሎን ተጨነቅን። ዘማሪዎቹም ‹ያቺ ድምፀ መረዋዋ ልጅ የት ገባች?› እያሉ ነው።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«አንቺን ጌታ አደራ ብሎ ሰጥቶናል፤ ዝም ብለን አንተውሽም» አለ ረጅሙ፣ ጉልበቶቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጨንቆት።

ይህችን በደንብ ያዝኳት። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የቢሮውን አለቃ «ጌታው» ነበር የሚለው። እና አለቃቸው እታለምን አደራ ብሎ ሰጥቷቸዋል፤ ዝም ብለው አይተዋትም። አልጋ ልብሱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

ሳቂታዋ ዓይኗን ቤቱ ውስጥ አዟዟረችና እኔ ላይ አሳረፈችው። «ይቺ ቆንጅዬስ ማን ናት?»

እታለም አፏን ልትከፍት ስትል እማዬ ቀደመቻት።

«የኔ ናት። የመጨረሻ ልጄ» አለች። «ሚጢ፣ ውረጂና ሰላም በያቸው።»

አልወርድም አልኩ። እማዬ በማንኛውም ሌላ ቀን በጆሮዬ ጎትታ ባወረደችኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዝም አለች። ስለ ጥበቃዬ ያመሰገነችኝ መሰለኝና ኮራሁ። እታለም የሻይ ብርጭቆዋን ትክ ብላ ታይ ነበር፤ ብርጭቆው ውስጥ ደግሞ ሻይ አልነበረም።

ሲሄዱ እማዬ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጠችው። «እንዲህ ነው የሚጀምሩት» አለች። «መጀመሪያ ሳቅ። ቀጥሎ ጥያቄ። ኋላ ወሬ። ሌላ ሰፈር ለመፈለግ ጉልበት የለኝም፤ ስሚኝ፣ ጉልበት የለኝም።»

እኔም የለኝም አልኩ በሆዴ። ገና አንድ ጓደኛ ማፍራቴ ነበር።

ክትትሎቹ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ነበሩ። አንድ ጊዜ እታለምን ሥራ ቦታዋ ሄደው ሰላም አሏት። ሌላ ጊዜ ብስኩት ይዘው መጡ፤ እኔ አልበላሁም፤ እማዬ በላች፤ ጣፋጭ አይደለም አለች፤ ደግማ በላች። እኔም እነሱ ሲከታተሉን እኛ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት አልታየኝም። አንድ ቀን ከእኛ ቤት ሲወጡ ሳቂታዋ ወደ ላይ፣ ረጅሙ ወደ ታች ተለያዩ። ረጅሙን ተከተልኩት።

ለመከተል የተመቸ ሰው ነበር፤ ጭንቅላቱ ከሩቅ ይታያል። ዳቦ ቤቱን አለፈ፣ ብረት በያጁን አለፈ፣ ከዚያ ወደ አንድ ጠባብ መንገድ ገብቶ ሰማያዊ በር አንኳኳ። መልስ የለም። እንደገና አንኳኳ። ውስጥ የራዲዮ ድምፅ ነበር፤ ሲያንኳኳ ግን ጠፋ። ረጅሙ ትንሽ ቆመና ጎንበስ ብሎ ግንባሩን የአጥሩ ግንብ ላይ አስደገፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ማንም አጠገቡ የለም። የሚያወራው ግን በደንብ ያወራል።

እኔ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ኋላ ተሸሸግሁ። ራዲዮ መገናኛ አለው! ኮሌታው ውስጥ መሆን አለበት። ስለ ሰማያዊው በር ለጌታው ሪፖርት እያደረገ ነው።

አሁን ሳስበው ሪፖርት ማድረጉስ እውነት ነው። የተዘጋበት በር ላይ ቆሞ ለዘጋበት ሰው የሚጸልይ ሰው ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

ዓይኑን ሲገልጥ አየኝ። «አንቺ! የእታለም እህት አይደለሽም? ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«አላውቅም።»

«እማዬ ታውቃለች እዚህ መሆንሽን?»

«አላውቅም።»

«ነይ በይ፣ ቤት ላድርስሽ።»

ተያዝኩ። መኪና በሚያልፍበት በኩል ራሱ ሆኖ፣ እኔን ወደ ግንቡ አስጠግቶ፣ እንደ እስረኛ እየነዳ ወሰደኝ። በመንገድ ላይ ምርመራው ቀጠለ። ስንተኛ ክፍል ነሽ? አላውቅም። ስንት ዓመትሽ ነው? አላውቅም። ብይ ትወጃለሽ ወይስ ገመድ ዝላይ? እሱንም አላውቅም። በመጨረሻ ሳቀና «አደራሽን፣ ፈተና ላይ እንዲህ እንዳትመልሺ» አለኝ። አልሳቅሁለትም። እማዬ ከእሱ ጋር ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ፤ እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ የተረፈውን ምርመራ በኩርኩም ጨረሰችልኝ።

«ምን ጠየቀሽ?»

«ስንት ዓመትሽ ነው አለኝ።»

«ምን አልሽ?»

«አላውቅም።»

እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰችና «ጎበዝ» አለችኝ። ከኩርኩም በኋላ ጎበዝ ስባል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ሳቂታዋ ለብቻዋ መጣች። ቅዳሜ ነው፤ እማዬ የሰፋችውን መጋረጃ ለደንበኛ ለማድረስ ወጥታለች። እኔ የክትትል ጫማ ኮቴ ለይቼ ስለማውቅ፣ በሩ ሳይከፈት መኪናዋን ሸፍኜ በዚህኛው ዙር ላይዋ ሳይሆን ስሯ ገባሁ። ፔዳሉ ላይ ተኮራምቼ፣ አልጋ ልብሱ እንደ ድንኳን ከፊቴ ወርዶ፣ የማሽን ዘይት እየሸተተኝ ቁጭ አልኩ። እታለም ከጎረቤት ልጅ ጋር የምጫወት መስሏታል።

ሳቂታዋ ገብታ ተቀመጠች። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ እታለም ድምጿን ዝቅ አደረገችና «እባክሽ ተዉኝ» አለቻት። «ደጋግማችሁ መምጣታችሁ ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው። ግን እኔ ለናንተ ኅብረት አልሆንም።»

«ለምን አትሆኚም?»

«አንቺ የማታውቂው ነገር አለ።»

«ንገሪኛ።»

እታለም ተነስታ በሩን ስትዘጋ ሰማሁ።

«እዚህ ቤት ያለችው...» አለች እታለም። «ስምንት ዓመቷ ነው። እማዬ ናት የደበቀችልኝ። ሰው ባያውቅ ይሻላል ብላ። ሰፈር የቀየርነውም በሷ ምክንያት ነው።»

መኪናዋ ስር ሆኜ ፔዳሉን ጨበጥኩ። አወጣችው! በገዛ አፏ ለክትትል አወጣችው! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ስትል እማዬ ይህንን ነበር ለካ።

«የማን ናት?» አለች ሳቂታዋ። ድምጿ ውስጥ ያ ሳቅ አልነበረም።

«የኔ።»

ሌባ! አልኩ በሆዴ። እማዬ ወገቧ እስኪቆረጥ የረገጠቻትን፣ እሷ ቁልፍ እንኳ የማትተክልባትን መኪና፣ የኔ!

«የኔ ናት» አለች እታለም ደግማ፤ ማልቀስም ጀመረች። «ስምንት ዓመት ሙሉ የኔ ናት ብዬ ተናግሬ አላውቅም። አንዴ እንኳ።»

«እሷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ስለ እማዬ ነው የሚያወሩት አልኩ። ምስኪን እማዬ፤ መኪናዋ እንደተካደች አታውቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኔ ጆሮ ከባዳም የባሰ ነበር። ያን ቀን ያወሩት ስለ እኔ ነው። እታለም የወለደችኝ አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላት ነው፤ አባቴ የሚባለው ልጅ ከነቤተሰቡ ከከተማው ጠፍቷል። እማዬ፣ አያቴ፣ ሕፃኗን ከአራስ አልጋ አንስታ ታቀፈችና «ይቺ የኔ ናት፤ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ» አለቻት። የሚያውቁን ሲያንሾካሽኩ ጊዜ ወደማያውቁን ሰፈር ተዛወርን። በዚያ ቤት ውስጥ የተደበቀችው አልጋ ልብስ የተጣለባት አይደለችም፤ አልጋ ልብሱን ይዛ ላይዋ የተቀመጠችው ናት። ይህንን እታለም ራሷ ቁጭ አድርጋ የነገረችኝ ቆይቶ፣ ለመስማት ስደርስ ነው። እስከ ዛሬም ግን እታለም ነው የምላት፤ አፌ ለምዶ።

በአልጋ ልብሱ ጠርዝ በኩል የሳቂታዋ ጫማ ጫፎች ይታዩኝ ነበር፤ እርስ በርስ ይተሻሻሉ።

«ማንም ምንም አይልም ብዬ አልዋሽሽም» አለች። «የሚያወራ አይጠፋም። ልጅ ያላት ወጣቶች ውስጥ ምን ትሠራለች የሚልም ይኖራል። እኔ ግን አጠገብሽ ነው የምቀመጠው። እሁድ ይዘሻት ነይ።»

ይዘሻት ነይ! ጭነት መኪና እንኳ ሊያመጡ አልፈለጉም። በራሳችን ተሸክመን እንድናስረክባቸው ነው።

እማዬ ስትመለስ ደጅ ላይ ጠበቅኋት። ባዶ ፌስታሏን ሳታስቀምጥ ቀሚሷን ጎተትኩ።

«እታለም ነገረቻቸው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ስለ እሷ! ስምንት ዓመቷ ነው አለቻቸው። የኔ ናት አለቻቸው። እማዬ ናት የደበቀችልኝ አለቻቸው!»

እማዬ ያለችበት ቦታ፣ ደረጃው ላይ፣ ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየችኝ፤ የሆነ ነገር የምትፈልግበት ይመስል። «አንቺስ ምን አልሽ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«እኔማ ተናደድኩ! ያንቺ አይደለች እንዴ?»

እማዬ አቅፋኝ ጸጉሬ ውስጥ የሆነ ነገር አለች፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ተነስታ ገባችና በሩን ላዬ ላይ ዘጋችው።

በሩ ቀጭን ነበር። የእማዬ ድምፅ ይመጣል ይሄዳል። «ስምሽን ላድን ብዬ ነው ስሜን ያበላሸሁት!» «ነገ ማን ያገባሻል?» «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!» ከእታለም የሚሰማኝ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደከመኝ እማዬ፤ እህት መሆን ደከመኝ» ትላለች። ሰው ስፌት መኪና አላት ብሎ እታለምን የማያገባበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም። እህት መሆንስ ምን ያደክማል? እኔን አይደለም እንዴ የምታጥበው፣ ያውም በሳምንት አንዴ?

ከዚያ እማዬ፣ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየቆረጠች፣ «እሁድ ይዘሻት ከሄድሽ» አለች፣ «ሰኞ እሷን ይዤ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። አንቺ ከክትትሎችሽ ጋር ኑሪ።»

ይህ ማስፈራሪያ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያኔ አልገባኝም፤ እንዲያውም መኪናዋ ስለምትተርፍ ደስ ብሎኛል። አሁን ሳስበው ሁለት ሴቶች በአንድ ልጅ ላይ ቆመው ነበር፤ አንዷ ዝም ካለች ለዘላለም እህት ሆና ልትቀር፣ ከተናገረች ደግሞ ልጇን ልታጣ። ሌላዋም የምትፈራው የልጇን ስም ብቻ አይደለም። እታለም እናት ከሆነች እማዬ ለእኔ ማን ልትሆን ነው? ስምንት ዓመት ጀርባዋ ላይ ያሳደገችው እኮ እሷ ናት።

እሁድ ጠዋት እማዬ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትረግጣለች። ክንዷ ይገፋል፣ መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ ጨርቁ ያልፋል። ክር ግን አላስገባችም። እኔ ይህንን አይቼ «እማዬ፣ ክር የለውም» አልኳት። መርገጧን ቀጠለች።

እታለም ከጓዳ ለብሳ ወጣች። ጣቶቿን ፈግፍጋ ፈግፍጋ የፎቶ ኮፒው ቀለም ለቋል፤ ቆዳዋ ቀልቷል። ዓይኔን መኪናዋ ላይ አድርጌ ስጠብቅ እሷ ወደ እኔ መጥታ እጄን ያዘችው።

«እኔ ነኝ እንዴ የምሄደው?» አልኩ።

«አንቺ ነሽ።»

መኪናዋን አልወሰዱም! በእሷ ፋንታ እኔን በመያዣነት ሊወስዱ ነው ብዬ ገመትኩ፤ ዳቦ የምታበላን መኪናዋ ስለሆነች እኔ ብሄድ ይሻላል አልኩ። ጀግንነት ተሰማኝ።

በሩ ጋ ስንደርስ የፔዳሉ ድምፅ ቆመ። «ነይ እዚህ» አለች እማዬ ሳትዞር። «የቀሚስሽ ጠርዝ ተተርትሯል፤ እንዲህ ሆነሽ ሰው ፊት ልትቆሚ ነው?» ፊቷ አቆመችኝና መርፌና ክር ይዛ ተንበረከከች። እንደለበስኩት ሰፋችው። እታለም በሩን ይዛ ቆማለች። እማዬ ክሩን በጥርሷ ስትቆርጠው ግንባሯ ጉልበቴን ነካና እዚያው ትንሽ ቆየ።

«ሂጂ» አለችኝ። ከዚያ ለእታለም፣ ቀና ብላ ሳታያት፣ «ማታ ግን እዚህ ነው የምታድረው» አለች።

«እዚሁ ነው እማዬ» አለች እታለም። «የት እንሄዳለን?»

የወጣቶቹ አዳራሽ በር ላይ ክትትሎቹ ተሰልፈው ነበር። እንዲህ ብዙ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። እያንዳንዳቸው እጄን ጨበጡ፣ እያንዳንዳቸው ሳቁ። ሳቂታዋ ከኋላ ወንበር ይዛልን ጠበቀችን፤ እኔን መሃል አድርገው ተቀመጡ። አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ፤ ማምለጫ የለም። መዝሙሩ ጥሩ እንደነበር ግን አልክድም። እታለም ስትዘምር ከፊት ያሉት ዘማሪዎች ዞር ዞር እያሉ አዩዋት።

ከዚያ ረጅሙ ማይክሮፎን ይዞ ወጣ። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር የሆናችሁ እንግዶች ካላችሁ፣ ብድግ በሉና እንተዋወቅ።»

ማንም አልተነሳም። ሳቂታዋ ወደ ፊት እንጂ ወደ እኛ አላየችም። እታለም ተነሳች፤ እኔንም አስነሳችኝ።

«እኔን ታውቁኛላችሁ» አለች። ድምፀ መረዋ ያሏት ልጅ ድምጿ ተሰነጣጠቀ። «እንግዳዋ እሷ ናት። ልጄ ናት።»

ዞር ብዬ ልጅቷን ፈለግኋት። ከኋላችን የተደራረበ ባዶ ወንበርና ግድግዳ ብቻ ነበር። መልሼ ስዞር አዳራሹ ሙሉ የሚያየው እኔን ነው።

ገባኝ። እታለም ለካ እኛን አልከዳችም! ክትትልን እያታለለች ነው። እዚህ ሁሉ ድረስ ያመጣችኝ፣ በሁሉም ፊት ትልቅ ውሸት ዋሽታ ከመኪናዋ ላይ ዓይናቸውን ልታነሳልን ነው። እኔ ደግሞ ጎበዝነቷን ሳላውቅ ሌባ ብያታለሁ።

ግን አላመኗትም። ከፊት ያለች አንዲት ዘማሪ አፏን በእጇ ያዘች፤ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ጎንበስ አለ። ረጅሙ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ። ሊነቃብን ነው። እንግዲህ እማዬ ያሳደገችኝ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው አልኩ፤ ወንበሩ ላይ ወጣሁና ክንዴን በእታለም አንገት ላይ ጠምጥሜ፣ የመጨረሻው ሰው እንዲሰማኝ አድርጌ ጮኽኩ።

«አዎ፣ እናቴ ናት!»

እታለም ፊቷን ሆዴ ውስጥ ቀብራ እንዲህ ታለቅሳለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ ማስመሰል ትችልበታለች። ረጅሙ ራሱ ዓይኑን ጠረገ። ክትትሎቹ አንድ ሳይቀሩ አመኑኝ።